መብታችንን ማን ሰጠን?

የተበደለ ሰው ምን እንደሚል ልብ ብላችኋል? አንዱ «እኔስ ሰው አይደለሁም ወይ?» ይላል፤ ሌላው «የፈጠረኝ ይፍረድ!» ይላል። ሁለቱም አንቀጽ አይጠቅሱም። አንዱ ሰውነቱን፣ ሌላው ፈጣሪውን ነው የሚጠራው። ሊቃውንት ብዙ መጽሐፍ የጻፉበት ክርክር በእነዚህ ሁለት አቤቱታዎች ውስጥ አለ፤ መብታችን ከፈጣሪ ነው፣ ከተፈጥሮ ነው ወይስ መንግሥት የሚያድለን?

ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ1948 መንግሥታትን ፓሪስ ላይ አከራክሯል። ያኔ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቁስል ገና አልጠገገም። የናዚ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1935 የአይሁድን ዜግነት የገፈፈው በሕግ ነበር፤ ተጽፎና ጸድቆ በወጣ ሕግ። መብት ከመንግሥት ሕግ ብቻ የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያ ሰዎች ተበደሉ ለማለት እንኳ አፍ ባልኖረን። ከሕግ የሚቀድም መሠረት መፈለግ ግድ ሆነ።

ግን የቱ መሠረት? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብዓዊ መብቶችን መግለጫ ሲያረቅ፣ የብራዚል ልዑካን ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል መፈጠሩ ይጻፍ አሉ። ረቂቁ ደግሞ አእምሮና ኅሊና ለሰው ከተፈጥሮ የተሰጡ ናቸው ይል ነበር። ቻይናዊው ልዑክ ፔንግ ቹን ቻንግ ግን ሕዝባቸው ከሰው ዘር ትልቁን ድርሻ እንደሚይዝ፣ የራሱም ወግና ትውፊት እንዳለው አስታውሰው፣ መግለጫው ለሁሉም የሚሆን እንዲሆን ተከራከሩ። በመጨረሻ ብራዚሎች ሐሳባቸውን አነሡ፤ «ከተፈጥሮ» የሚለውም ቀረ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. መግለጫው በ48 ድጋፍ፣ ያለ አንድ ተቃውሞ፣ በ8 ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። ከደጋፊዎቹ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ታዲያ ፈጣሪም ተፈጥሮም ከጽሑፉ ሲወጡ መሠረቱ ጠፋ? አልጠፋም። መግለጫው ሰው ነጻና እኩል ሆኖ እንደሚወለድ ይናገራል። ገና ስም ሳይወጣለት፣ መታወቂያ ሳይዝ፣ የየት አገር ዜጋ እንደሆነ ሳይመዘገብ መብቱ አብሮት አለ። አማኙ እዚህ ላይ የፈጣሪን እጅ ያያል፤ ሌላው የሰውን ባሕርይ። መንግሥት መብትን ይጠብቃል እንጂ አይሰጥም በሚለው ግን ይገናኛሉ። የእኛው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 10 የሰብዓዊ መብት ምንጩ የሰው ልጅ ተፈጥሮ ነው ይላል።

ይህን ማመን ብቻውን ግን አያድንም። ቶማስ ጀፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1776 በአሜሪካ የነጻነት መግለጫ ላይ ሰዎች ሁሉ እኩል መፈጠራቸውን፣ መብታቸውም ከፈጣሪ መሆኑን ጽፈዋል፤ በዕድሜያቸው ግን ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዘዋል። በእኛም አገር፣ ሰው በአርአያ ሥላሴ ተፈጠረ እያለ በሚጾምና በሚጸልይ ሕዝብ መካከል፣ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ እኔ የማምነው ይህን ነው። መብቴ ከፈጣሪዬ ነው ካልሁ፣ ያው ፈጣሪ የፈጠረውን የማልወደውን ሰው መብት መድፈር ፈጣሪን መድፈር ነው። ከተፈጥሮ ነው ካልሁም ያ ሰው እንደ እኔው ሰው ነው። በቤታችን የምታገለግል ሠራተኛ፣ በቋንቋ የማንግባባው ጎረቤት፣ በፖለቲካ የሚቃረነን እስረኛ ሲበደሉ እንደራሳችን በደል እስካልቆረቆረን ድረስ፣ መብት ከፈጣሪ ነው ማለታችን ከከንፈር አያልፍም።