ባሕራችን ገደል ውስጥ ነው

አዲስ አበባ ለትምህርት የገባን ሰሞን የዶርም ልጆች መዝናኛ ነበርን። «ባሕር በሌለው አገር ባሕር ዳር!» እያሉ ይስቁብናል። እኛም ለክብራችን ስንል «ጣናስ?» እንላለን። «እሱማ ሐይቅ ነው» ይሉና አፋችንን ያስይዙናል። መልስ አልነበረንም። መልሱን ያገኘነው ዘግይተን ነው፤ ያውም በእጃችን ከሰበርነው በኋላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእረፍት ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሳችን የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲያቃስት ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩና ረዳቱ እስኪቀይሩ ድረስ ወረድንና ጥላ ፍለጋ መንገዱ ሲሠራ የተቆረጠውን ገደል ተጠጋን። ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ ድንጋይ ነው። ከመካከላችን አንዱ ላቡን እየጠረገ «ኧረ ቀንድ አውጣ!» አለ። እውነትም ድንጋዩ ውስጥ ዛጎል ተቀብሯል። አጠገቡ ደግሞ በትናንሽ ቀዳዳ የተሞላ፣ የማር እንጀራ የሚመስል ነገር አለ። አብረውን የተሳፈሩ አንዲት እናት ጠጋ ብለው አዩና አማተቡ። «የጥፋት ውሃ የተወው ነው፣ ልጆቼ» አሉን።

እኛ ያማረን ግን ለዶርም ልጆች ማሳየት ነበር። ከረዳቱ የጎማ መፍቻ ተበድረን ድንጋዩን መታነው። በሦስተኛው ምት ዛጎሉም የማር እንጀራውም ፍርክስክስ አለ። የቀረን ነጭ ዱቄት ነው። ሱሪያችን ላይ ጠራረግነውና «ኑ፣ ተሳፈሩ!» ሲባል ተሳፈርን።

ምን እንደሰበርን የነገረን ከወራት በኋላ ጂኦሎጂ የሚያጠና ጓደኛችን ነው። የማር እንጀራው ኮራል ነበር። ኮራል የባሕር እንስሳ ነው። ሙቅና ብርሃን በሚዘልቀው ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ እየኖረ፣ አጽሙን በአጽም ላይ እየከመረ አለት ይሠራል፤ ዛሬ ቀይ ባሕር ውስጥ እንዳለው ማለት ነው። እኛ የመታነው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ነው። ያን ጊዜ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ የመጣ ባሕር የዛሬዋን ኢትዮጵያ አብዛኛውን ክፍል ሸፍኗት ነበር። ሉሲን፣ ያቺን የ3.2 ሚሊዮን ዓመት እመቤት፣ አስቧት። የኛ ኮራል በዕድሜ ወደ ሃምሳ እጥፍ ይበልጣታል። እሷ ሙዚየም ገባች፣ እሱ ሱሪያችን ላይ ቀረ።

መንገዱ ሰላም ሆኖ በዚያ ስታልፉ ስልካችሁን አስቀምጡና በመስኮት እዩ። ከደጀን ቁልቁል ስትጀምሩ ያለው ጥቁሩ ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ዝቅ ስትሉ የኖራ ድንጋዩ፣ ማለትም ባሕሩ፣ ይመጣል። ከሱ በታች ጀሶ አለ፤ ድልድዩ አካባቢ ስትደርሱ ደግሞ ባሕሩ ሳይመጣ በፊት የተነጠፈው አሸዋ ድንጋይ። ከ1,000 ሜትር በላይ ስትወርዱ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ማለት ነው። እኛ ስንት ጊዜ ተመላልሰንበታል! ያየነው ግን ጠመዝማዛውን ብቻ ነው፣ ያሰብነውም ስለ ፍሬን።

ሌሎች ቀድመውን አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው ጂኦሎጂስት ብላንፎርድ፣ ትግራይ ውስጥ ያየውን የዚሁ ባሕር ድንጋይ በሕንጣሎ ስም ጠራው። ዓባይ በረሃ ያለውም እስከ ዛሬ በዚያ ስም ነው የሚጠራው። የሙገር ሲሚንቶ የሚቃጠለውም ከዚሁ የኖራ ድንጋይ ነው። እና ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ወዳጆቻችን፣ ግድግዳችሁ ባሕር አለበት።

ጣናስ? እውነቱን እንናገርና ጣና ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። በደቡብ በኩል የፈሰሰ እሳተ ገሞራ መውጫውን ዘግቶለት የተጠራቀመ፣ ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ የሚሆን ውሃ። ከወለሉ የተቆፈረው ደለል እንደሚመሰክረው፣ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ጭራሽ ደርቆ ነበር። አይደርቅም ብለን የምንምልበት ሐይቅ አንዴ ደርቋል፤ የለም የተባልነው ባሕር ግን ድንጋይ ሆኖ ጠብቆናል። ያንን ባሕር ቆርጦ ያወጣው ደግሞ ማን ሆነና? በከተማችን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ዓባይ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፍን ቁጥር ያቺን ቦታ እንፈልጋለን። አግኝተናት አናውቅም። ሁሌ የሚመጡብን ግን እኚያ እናት ናቸው። የዘመኑን ቁጥር አያውቁትም ይሆናል፤ ውሃ እንደነበረ ግን ባንዴ አወቁ፣ አማተቡና እጃቸውን ሰበሰቡ። ዩኒቨርሲቲ የገባነው እኛ ነን የጎማ መፍቻ ያነሳነው።