የሦስት ሰዓት ልዩነት

በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጫን አንድ ቤት ለሁለት አባወራ እንደ ማከራየት ነው። በሩ አንድ፣ ግቢው አንድ፤ ተከራዮቹ ግን ዓይን ለዓይን አይተያዩም። አንዱ ሲነሣ ሌላው ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ላይ ነው። ማሽኑ ሲበራ «ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተመረጠው ይነሣል። የእኛ ቤት ኮምፒዩተር እንዲህ ያለ ነው። እኔ ሊኑክሱን እወዳለሁ፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ ያለ ዊንዶውስ አይሆንለትም። ሁለተኛ ማሽን ለመግዛት ኪስ ስለማይፈቅድ ተቻችለን እንኖራለን።

ሁለቱ የሚጣሉበት አያልቅም። ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ አንዳንዴ የምርጫውን ዝርዝር ይሸፍነውና ሊኑክስ እንዳልነበረ ይሆናል። አልጠፋም፤ ማሽኑ ሲነሣ በሚከፈተው ማስተካከያ ገብቶ የማስነሻውን ቅደም ተከተል መመለስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ደግሞም ዊንዶውስ በቶሎ ለመነሣት ሲል «ጠፋሁ» እያለ ግማሽ እንቅልፍ ስለሚተኛ፣ ሊኑክስ በዊንዶውሱ ክፍል ላይ ልጻፍ ሲል ይከለከላል። ፈጣን ማስነሻ የሚሉትን ማጥፋት ነው መድኃኒቱ። እነዚህ ያናድዳሉ፤ ቢያንስ ግን ይታያሉ። የማይታየው የሰዓቱ ጠብ ነው።

በማዘርቦርዱ ላይ፣ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ሳንቲም በምታክል ባትሪ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ዊንዶውስ ይህን ሰዓት «የአገሩ ሰዓት ነው» ብሎ ያነበዋል፤ ከዶስ ዘመን የወረሰው ልማድ ነው። ሊኑክስ ግን የዩኒክስን ሥርዓት የተከተለ ነው። ዩኒክስ ፈረንጆቹ 1970 ብለው አዲስ ዓመት ከያዙበት፣ በእኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ሴኮንድ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ የትም አገር ያው ነው። ስለዚህ ሊኑክስ የባትሪዋን ሰዓት ዓለም አቀፍ ሰዓት አድርጎ ይይዛታል። እኛ ደግሞ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ሊኑክስ ትክክለኛውን ጊዜ ከኢንተርኔት አግኝቶ እዚያ ሲያሰፍር፣ ቀጥሎ የሚነሣው ዊንዶውስ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል፤ እሱም ኢንተርኔት ጠይቆ እስኪታረም ድረስ በዚያው ይጸናል። በእኩለ ቀን የግድግዳችን ሰዓት እንደ አገሩ ልማድ 6 ይላል፤ ሊኑክስ ከተነሣ 12፤ ዊንዶውስ ከተነሣ 9። ከሦስቱ የተሳሳተው መካከለኛው ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይህን እያሳየን እንስቅ ነበር።

ሳቁ የቆመው አባባ ካረፉ በኋላ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት የሕይወት ታሪካቸውን ያጽፉን ነበር፤ እጁ ባዶ የሆነ ይጽፋል። ለመንፈቃቸው በትንሽ መጽሐፍ እናሳትመው ተባለና ፍላሹን ስንከፍት ያንኑ ምዕራፍ በሁለት ፋይል አገኘነው። ከታናሽ ወንድማቸው ጋር የእናታቸውን ቤት የተካፈሉበት ምዕራፍ ነው። እኔ በሊኑክስ በጻፍኩት፣ ወንድማቸው ድርሻቸውን እንደ ወሰደባቸው ይናገራሉ። ልጁ በዊንዶውስ በጻፈው፣ ወደው እንደ ተዉለት። ቀኑ አንድ ነው። የእኔ ፋይል በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ይላል፤ የልጁ 8 ሰዓት ከ20። እህቴ «የመጨረሻ ቃላቸው ነው መታተም ያለበት» አለች። እውነቷን ነው። አጎታችን ግን በሕይወት አሉ፤ በመንፈቁም ዕለት መጽሐፉ እጃቸው ይገባል። በፋይሉ ሰዓት ከሄድን የመጨረሻው ቃል ክሱ ነው።

ልጁ መጻፉን እንጂ ሰዓቱን አያስታውስም። ሊኑክስ ግን መቼ እንደ ተነሣ፣ መቼ እንደ ጠፋ፣ ከኢንተርኔትም መቼ ሰዓቱን እንዳስተካከለ በመዝገብ ይይዛል። ፈልጌ አወጣሁት። በዚያ ቀን ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ድረስ በሥራ ላይ የነበረው ሊኑክስ ነው። ታዲያ በ8 ሰዓት ከ20 ዊንዶውስ ከየት መጥቶ ይጽፋል? አንዱ ሲነሣ ሌላው ተኝቷል ብያለሁ። የልጁ ፋይል የሚለው በዘገየ ሰዓት ነው፤ ሦስቱን ስንጨምርለት 11 ሰዓት ከ20 ይሆናል። አባባ ቃላቸውን የለወጡት ከእኔ ከተነሡ በኋላ ነበር። ሲከሱም ሲተዉም ድምፃቸው አንድ ስለ ነበር፣ ከአጻጻፉ ማንም ሊለይ አይችልም ነበር።

ሰዓቱን ለማስታረቅ መንገዱ ሁለት ነው። ሊኑክስን በአንድ ትእዛዝ «የአገሩን ሰዓት ያዝ» ማለት ይቻላል፤ ራሱ ሊኑክስ ግን ይህን ሲታዘዝ ያስጠነቅቃል። በበጋ ሰዓት በሚቀይሩ አገሮች ሁለቱ ሲስተሞች በየተራ አንዳንድ ሰዓት እየገፉ የባሰ ያበላሹታል። እኛ ሰዓት ስለማንቀይር ያ አያሰጋንም፤ ቢሆንም ዊንዶውሱን ማስተማር መረጥኩ። ሬጂስትሪ በሚባለው መዝገቡ ውስጥ የባትሪዋ ሰዓት ዓለም አቀፍ መሆኑን የምትነግር አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተስማምተዋል።

በመንፈቁ ዕለት አጎቴ ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጋሼ ይህን ያሉት መቼ ነው?» አሉኝ።

«ከቀኑ 11 ሰዓት ከ20 ላይ» አልኳቸው።