ንባቡና ትርጓሜው

የነርስነት ዲፕሎማዬን በያዝኩ በዓመቱ፣ በ2001 ዓ.ም. ክረምት፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ነሐሴ ውስጥ አንድ ጧት የቆሎ ተማሪዎች ጓደኛቸውን በቃሬዛ ተሸክመው፣ ጭቃውን እያቦኩ መጡ። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ምች መስሏቸው ዳማ ከሴ አሽተውታል፤ አልተሻለውም። ራሱን ይፈልጠዋል፣ ወገቡንና እግሩን ይቆራርጠዋል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ከሳምንት በፊት እንዲሁ አተኩሶት፣ ሽሮ፣ ድኛለሁ ብሎ ወደ ቅኔ ቆጠራው ተመልሶ እንደነበር ነገረኝ።

ደበሎውን ሲያወልቅ በበጉ ጠጉር ውስጥ ቅማሉ ይርመሰመሳል። ይህን የምጽፈው ልጁን ለማሳፈር አይደለም። በደጋው ብርድ አንዲት ጎጆ ውስጥ ስድስት ሰባት ሆኖ ተቃቅፎ የሚያድር፣ የሚቀይረው ልብስ የሌለው ሰው ሁሉ ቅማል ይወርረዋል። በሽታውም የሚገባው ሰውነቱን ሲያክ ቅማሏ ፈርጣ፣ በውስጧ ያለው ተሕዋስ በተቧጨረው ቆዳ ሲያልፍ ነው።

የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ደሙን በጊምሳ አቅልሞ "ና እይ" አለኝ። በማይክሮስኮፑ ውስጥ፣ በቀይ የደም ሴሎቹ መካከል፣ እንደተጠማዘዘ ጸጉር ያለ ቀጭን ወይን ጠጅ ክር ይታያል። በሽታው የሚያገረሽ ትኩሳት ነበር። የቀለሙ ስም ከሃምቡርጉ ኬሚስት ከጉስታቭ ጊምዛ የመጣ መሆኑን፣ ያንን ክር በሰው ደም ውስጥ መጀመሪያ ያየው ኦቶ ኦበርማየር የተባለ የበርሊን ሐኪም መሆኑን፣ እሱንም ግኝቱን ባሳተመበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1873፣ ኮሌራ እንደገደለው ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ የማውቀው ለፈተና የሸመደድኩትን ብቻ ነበር። የሚያገረሽ ትኩሳት ሲታከም የሚመጣው ምላሽ ምን ይባላል? ጃሪሽ ሄርክስሃይመር። ስሙን ሳልደናቀፍ ስለምጠራው መምህራችን ክፍል ውስጥ አስነሥቶ አስደግሞኛል። እኮራበት ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ፕሮኬይን ፔንሲሊኑን ወጋሁት። "በርታ፣ ማታ ይሻልሃል" አልኩት። ካርዱ ላይ ጻፍኩና ምሳ ልበላ ወጣሁ። የደም ግፊቱን የሚከታተልለት ሰው አላቆምኩም፣ ጉሉኮስም አልተከልኩለትም። ለእሱም ሆነ ለጓደኞቹ ሊመጣ ስላለው ነገር አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ስመለስ የብረት አልጋው ሲንኳኳ ከደጅ ይሰማል። ልጁ በሦስት ጋቢ ተጠቅልሎ ጥርሱ እየተፋጨ ይንዘፈዘፋል። ትኩሳቱ 41 ሊሞላ ምንም አልቀረው። ትንሽ ቆይቶ መንቀጥቀጡ ሲተወው ደግሞ የደም ግፊቱ ወረደ፤ የእጁን ትርታ ፈልጌ አጣሁት። ጓደኞቹ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። አንደኛው "ገደልከው" አለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጉሉኮሱን ተከልኩ። አሥር ሰዓት ገደማ ላብ አጠመቀው፣ ትኩሳቱም በረደ። በማግሥቱ ጧት ቂጣ በሻይ በላ።

እሱ ተረፈ። ከተሸካሚዎቹ መካከል ሁለቱም አተኩሷቸው ስለነበር በማግሥቱ ላክማቸው ቀጥሬአቸው ነበር። ያን ሌሊት ጠፉ። ያዩትን አይተው ማን መርፌዬን ይቀበላል? ከሳምንት በኋላ የአንዱን ቀብር ሰማሁ። ይህ በሽታ ካልታከመ ከመቶ ሰው ከ10 እስከ 40 የሚሆነውን ሊገድል ይችላል፤ ከታከመ የሚሞተው ከ5 አይበልጥም። ያንን ልጅ ከመድኃኒቱ ያራቅሁት እኔ ነኝ።

የኔታቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ።

"ምን ብትሰጠው ነው እንዲያ የሆነው፣ ልጄ?"

"የኔታ፣ ጃሪሽ ሄርክስሃይመር የሚባል ነገር ነው።"

ጥቂት ዝም ብለው አዩኝ። "ይህ ንባቡ ነው። ትርጓሜውስ?"

ተንተባተብኩ። መድኃኒቱ ተሕዋሱን ባንድ ጊዜ ሲፈጀው ስብርባሪው በደም ይበተናል፣ ሰውነትም እሱን ሲዋጋ ይግላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይበርዳል አልኳቸው፣ እየቆራረጥኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "ይህንን ለልጆቹ ቀድመህ ብትነግራቸው ምን ነበር?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ከዚያ በኋላ የስሙን ባለቤቶች ፈለግሁ። እኛ በእንግሊዝኛው ልማድ ጃሪሽ እንለዋለን እንጂ በአገሩ ያሪሽ ነው። አዶልፍ ያሪሽ ኦስትሪያዊ የቆዳ ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1895 የቂጥኝ ሕሙማን በሜርኩሪ ሲታከሙ ሽፍታቸው መጀመሪያ እንደሚብስ ጻፈ። ካርል ሄርክስሃይመርም በ1902 ይህንኑ አስተዋለ። በፍራንክፈርት ፕሮፌሰር፣ የቆዳ ክሊኒክም ኃላፊ ነበር። አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች በ1942 ቴሬዘንሽታት ወደተባለው ማጎሪያ አጋዙት፤ በ81 ዓመቱ እዚያው ሞተ። በአንጻሩ የናዚ መንግሥት የጤና ሹም የነበረው የሃንስ ራይተር ስም ከአንድ የመገጣጠሚያ በሽታ ላይ እንዲነሣ ተደርጓል። ትክክል ነው እላለሁ። የሄርክስሃይመርን ግን አንድም ፊደል አላጎድልም።

የዕውቀቱ ሌላው ክፍል ከእኛው አገር ነው። ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ያሳተሙት ጥናት የተካሄደው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በሚያገረሽ ትኩሳት በተያዙ 49 ሰዎች ላይ ነው። ከፔንሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍ የተባለውን የሰውነት ኬሚካል የሚያከሽፍ፣ ከበግ የተዘጋጀ መድኃኒት ከተሰጣቸው 20ዎቹ መካከል ምላሹ የመጣው በ10ሩ ላይ ነበር። ካልተሰጣቸው 29ኙ ግን 26ቱ ላይ መጣ። መድኃኒቱ ገጠር ጤና ጣቢያ አይገኝም። ነገር ግን ቁጥሩን ልብ በሉ፤ ከ29 ታማሚ 26ቱ። እኔ ምሳ ልበላ ስወጣ ትቼው የሄድኩት ሊመጣ የሚችል ብቻ ሳይሆን የማይቀር ሊባል የሚችል ነገር ነበር።

አሁን መርፌውን ከመውጋቴ በፊት አልጋው አጠገብ ቁጭ እላለሁ። "ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ያንቀጠቅጥሃል፣ ትኩሳቱም ይጨምራል። ከዚያ ላብ ያልብሃል። እኔ እዚሁ ነኝ" እላለሁ። አስታማሚዎቹም ይሰሙኛል። ስሙን የምጠራው መጨረሻ ላይ፣ ከጠየቁኝ ነው።

በቆላም በደጋም በየጤና ጣቢያው ያላችሁ የሙያ ልጆች፣ የሚያገረሽ ትኩሳት ስታክሙ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ጉሉኮሱን ትከሉ፣ ወንበር ስባችሁ ላቡ እስኪመጣ ድረስ ከአጠገቡ አትነሡ።