የመከታ መንጋጋ

ጥር 12
ትናንት ጥምቀት፣ ዛሬ ሚካኤል፤ ግቢው አጥንት በአጥንት ሆኗል። ውሻችን መከታ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከጎተራው ሥር ተኝቶ አንዱንም አልነካ። ታችኛው መንጋጋው ተንጠልጥሏል፣ ለሃጩ ይንጠባጠባል፣ ሲጮህ ድምፁ ጎርንኗል። «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» አልን ሁላችንም። የእህቴ ልጅ አዝኖለት እጁን እስከ ጉሮሮው አስገብቶ ፈለገለት። ምንም የለም። የልጁ አውራ ጣት ላይ ደግሞ እሾህ የጫረው ቁስል አለ።

የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ስደውል መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «አፉን የነካ ሰው አለ?» ብሎ ነው።

በሳሙናና በሚወርድ ውኃ፣ 15 ደቂቃ። በጆግ እያፈሰስሁ፣ ሰዓት እያየሁ የልጁን እጅ አጠብሁ። እህቴ ጠበል እንውሰደው አለች። «ጠበሉም ይደርሳል እታለም፣ መጀመሪያ መርፌው» አልኋት። ማምሻውን ሆስፒታል ክንዱ ላይ ተወጋ።

ጥር 13
ሐኪሙ መጣ። መከታን አልዳሰሰውም፤ ከደጃፍ ቆሞ ብዙ አየው። መርዝ በልቶ እንደሆነ፣ የዓይን አር፣ ሳልና ተቅማጥ እንደነበረው ጠየቀን፤ ዲስቴምፐር የሚባለውም በሽታ ነርቭ ይይዛልና። ምንም አልነበረውም። እኛ የምናውቀው እብድ ውሻ አገር ምድሩን እየዞረ የሚናከሰውን ነው። ዝም የሚለውም አለ፦ በሽታው የመንጋጋና የጉሮሮ ጡንቻውን ሽባ ያደርግበታል፣ መዋጥ ያቅተዋል። አጥንት የተሰነቀረበት የሚመስለውም ለዚህ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ከውሻ ጋር ኖሬ ይህን አለማወቄ ያንገበግበኛል።

ጥር 15
መከታ ሌሊት ሞተ። ሐኪሙ ጓንት አድርጎ ጭንቅላቱን ለየ፤ በበረዶ ታሽጎ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እርግጡ የሚታወቀው ከአንጎሉ ናሙና ነው። የልጁ መርፌ ግን ውጤት አይጠብቅም፤ ዛሬ ሁለተኛውን ተወጋ። እናቴ ክንዱን እያሻሸች፣ በእሷ ጊዜ በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ እንደነበር ነገረችው።

ጥር 19
ሦስተኛው መርፌ። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። መከታ ከመታመሙ ጥቂት ቀን በፊት ከእረኞች ጋር ወደ ደንቆሮ ጫካ ወጥቶ ነበር፤ ለሃጩ ደግሞ ምልክቱ ከመታየቱ ቀናት በፊትም ያስተላልፋል። ጫካው ባለበት በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ቀይ ቀበሮ አለ። ከአገራችን ውጭ የትም የለም፤ አዋቂዎቹ ሁሉ ተደምረው 500 አይሞሉም። በ1996 ዓ.ም. በባሌ፣ በዌብ ሸለቆ፣ ከውሻ የተሻገረ ይኸው በሽታ ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጅቷል። የእኛዎቹ ያን ያህል ሞት አይችሉም። መከታ ቀበሮ አባሮ እንደሆነ ትልቁን እረኛ ጠየቅሁት።

«ሁለት ጊዜ አባሯል» አለኝ። ይድረስባቸው አይድረስባቸው አላየም። ለፓርኩ ጠባቂዎች ነገርሁ።

ጥር 26
አራተኛው መርፌ፤ የቀረው የ28ኛው ቀን ብቻ ነው። ሐኪሙም ለሠፈሩ ውሾች ክትባት ይዞ መጣ። ከአሥሩ ሰባቱ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል ይላል። አንድ ጎረቤቴ «ውሻዬ ይፈዝብኛል» ብለው ሲያመነቱ ልጁ ክንዱን ገልጦ አሳያቸው፤ ገመዱን ራሳቸው ያዙ። 19 ተከተቡ። ሁለት ወደ ገደሉ ሸሹ። ነገ ሳይነጋ አጥንት ይዤ እወርዳለሁ።