ከኢስት ላንሲንግ፣ ስለምትሰቅዪው መድኃኒት

እታለም፣ ከዲትሮይት በአውቶቡስ መጥቼ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ሬድ ሲዳር ወንዝ ዳር ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ወንዙ እንኳ ይህን ያህል አይደለም፤ ዳክዬው ግን አይጣል ነው።

እዚህ ያመጣኝ ያንቺ ሥራ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለታማሚዎች የምትሰቅዪው ሲስፕላቲን ካንሰር እንደሚያጠፋ የታወቀው እዚሁ ነው። ባርኔት ሮዘንበርግ የሚባል የፊዚክስ ሰው ኤሌክትሪክ የሕዋስን መከፋፈል ይነካ እንደሆነ ሊያይ፣ ባክቴሪያ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ፕላቲነም ነክሮ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል ትተው እስከ 300 እጥፍ ረዘሙ። ለካስ ሥራው የኤሌክትሪኩ አልነበረም! ከምንም ጋር አይዋሃድም ተብሎ የተመረጠው ፕላቲነም በጥቂቱ ሟሙቶ፣ ከፈሳሹ አሞኒያና ክሎራይድ ይዞ ነበር፤ መከፋፈሉን ያቆመው እሱ ነው። ይህ በ1965 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ መከፋፈልን የሚያቆም ነገር ካንሰርንም ሊያቆም ይችላል ተብሎ ተሞክሮ፣ በ1978 አሜሪካ መድኃኒቱን ፈቀደች።

የገረመኝ ግን አሠራሩ ነው። አንድ ፕላቲነም፣ ሁለት አሞኒያ፣ ሁለት ክሎራይድ፤ በቃ። ክሎራይዶቹ በተቃራኒ ጎን ከተቀመጡ ለመድኃኒትነት አይበቃም። ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ፕላቲነሙ በዲኤንኤ ላይ የተከታተሉ ሁለት ጉዋኒኖችን ይዞ ክሩን ያጎብጠዋል፤ ሕዋሱ መጠገን ሲያቅተው ይሞታል።

ለምን በኖርማል ሳላይን እንደምትሰጪውስ አስበሽበት ታውቂያለሽ? ለኩላሊት ብቻ እንዳይመስልሽ። ክሎራይድ በበዛበት ቦታ መድኃኒቱ የራሱን ክሎራይድ አይለቅም። የሳላይኑ ከረጢትም ደሙም ክሎራይድ የበዛባቸው ናቸው። ሕዋስ ውስጥ ክሎራይድ ያንሳል፤ እዚያ ሲገባ ይለቀውና ቦታውን ውኃ ይይዛል። ያኔ ፖዘቲቭ ሆኖ ወደ ኔጌቲቩ ዲኤንኤ ይሳባል። ካርቦፕላቲን የተሠራውም በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ክሎራይዶቹን ቀስ ብሎ በሚለቅ ነገር ተኩት። ኩላሊት ተረፈ፣ ፕላትሌት ግን ተጎዳ፤ ይህን እንኳ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ከሁሉ የቀናሁት በኬሚስቷ ዣክሊን ባርተን ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. እሷና ባልደረቦቿ በሩተኒየም የሠሩት ውህድ ዲኤንኤን አያጎብጥም፤ በመጽሐፍ ገጾች መካከል እንደሚገባ ወረቀት በክሩ የቤዝ ጥንዶች መካከል ይሸጎጣል። ውኃ ውስጥ አያበራም፣ ዲኤንኤ ሲያገኝ ቦግ ይላል። ብረት ለመመረዝ ብቻ ሳይሆን ለማሳየትም መዋሉ ደስ አይልም?

እናንተ ጋ ሲስፕላቲኑን ትታችሁ ካርቦፕላቲን የምትሰጡት ለየትኛው ታማሚ ነው? ሲመችሽ ጻፊልኝ። እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ