ሳይደርቅ የታጠፈ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ድንጋይ አያነብም ያለው ማነው? በቀደም ለት ጂኦሎጂ የሚያጠና የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ አንድ ፎቶግራፍ አሳየኝ። ጥንት ከጥልቅ ባሕር ሥር ከተከማቸ ደለል የተገኘ የድንጋይ ገደል ነው። የታችኛው ንብርብር ቀጥ ያለ፣ የላይኛውም ቀጥ ያለ፤ መካከሉ ግን እንደ ተጨማደደ ነጠላ የተጣጠፈ።

«ድንጋይ እንዴት እንዲህ ይታጠፋል?» አልኩት።

«ሲታጠፍ መች ድንጋይ ነበር? ጭቃ ነበር እንጂ!» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደለል ከባሕር ወለል ሲያርፍ በቅንጣቶቹ መካከል ውኃ እንደያዘ ነው። ውኃው ሳይወጣ ሌላ ደለል ከተቆለለበት ወይም ምድር ከተንቀጠቀጠች፣ ሸክሙ በውኃው ላይ ይወድቃል። ቅንጣቶቹ መያያዛቸውን ይለቃሉ። ንብርብሩ ቁልቁል ይንሸራተታል፣ ይታጠፋል። አሸዋው ይሰምጣል፣ ጭቃው እንደ ነበልባል ወደ ላይ ይሾልካል። በኅዳር 1929 እ.ኤ.አ. ከኒውፋውንድላንድ በስተደቡብ የተነሣ የምድር መንቀጥቀጥ የባሕር ሥር ደለል ንዶ የአትላንቲክን የቴሌግራፍ ኬብሎች በየተራ በጣጥሷል። የኛም አፈር አላመለጠም። ግድቦች መንገዱን ሳይዘጉበት በፊት ዓባይ ለብዙ ሺህ ዓመታት የጠረገው ደለል ሜዲትራኒያን ወለል ላይ ተቆልሎ ስንት ጊዜ ተንዷል።

ይህን ስሰማ ግምጃ ቤት ያለው የቤታችን ግድግዳ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ አባባ ምርጊቱን ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ትቶልን ገበያ ሄደ። «የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን እንዳትደርቡ» ብሎን ነበር። እኔ ሆዬ ኳስ አምሮኝ፣ ቸኩዬ ደረብኩበት። ማታ ጭቃው ተንሸራቶ ግድግዳው ሆድ አወጣ። አባባ በአዊኛ «ማነው?» ሲል፣ በጣቴ ወንድሜን አሳየሁ። አርጩሜው በእሱ ላይ አረፈ። ወንድሜ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በማግስቱ ላዩን ለሰንነው። እናቴም በየዓመቱ ትለስነዋለች። እብጠቱ ግን ከሥሩ አለ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ እሱ ከእርሻው ቀረ። ክረምት በመጣሁ ቁጥር ቡና እንጠጣለን፣ እንስቃለን፤ ያንን ነገር ግን አንስተነው አናውቅም።

ጓደኛዬ እንዳስረዳኝ፣ ንብርብሩ ሳይደርቅ መታጠፉ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ በላዩ ያረፈው አለመታጠፉ ነው። የላዩ ቀጥ ማለት የታችኛውን አያቃናውም፤ መቼ እንደ ተጎዳ ይመሰክርበታል እንጂ።

ወንድሜ ዘንድሮ ግድግዳውን አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራው ነው አሉ። ሳያፈርሰው ልድረስበት። ጭቃውን የደረብኩት እኔ እንደሆንኩ ያውቃል፤ ከእኔ አፍ ግን ሰምቶት አያውቅም።