እማዬን መርከብ ላይ ልናሳፍር

እኛ ቤት ባሕር በዓይኑ ያየ የለም። መካነ ሰላም ያደገ ሰው ትልቅ ውኃ ሲባል የሚታየው አባይ ነው፤ እሱንም ከገደል አፋፍ ሆኖ ቁልቁል። ታዲያ ጀርመን ያለችው ታላቅ እህታችን፣ «እማዬ ስትመጣ በመርከብ ላዝናናት ነው፤ እኔ ከሥራ ፋታ የለኝም፣ እስቲ እናንተ አወዳድራችሁ ምረጡልኝ» ስትለን፣ አዲስ አበባ ያለነው ሦስት ወንድሞቿ ባንዴ የመርከብ ሊቅ ሆንን።

እንደ ማንኛውም ሰው መጀመሪያ ትልቁን ፈለግን። «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ከመንገደኛ መርከቦች ሁሉ ትልቁ ነበር። ርዝመቱ 365 ሜትር ገደማ፣ 20 ፎቅ፣ 7 መዋኛ ገንዳ! ታይታኒክ እንኳ 269 ሜትር ነበረች። «248,663 ቶን ይመዝናል» እያልን ለጓደኛ ሁሉ አወራን።

በኋላ አፈርን። ግሮስ ቶን የሚሉት ለካ ክብደት አይደለም፤ የመርከቡን የውስጥ ስፋት መለኪያ ነው። ቁም ነገሩ ለመንገደኛ ሲካፈል ነው። በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ቢታሰብ ያ መርከብ 5,610 ሰው ይይዛል፤ ለአንድ ሰው 44 ገደማ ይደርሳል። «ኩዊን ሜሪ 2» ግን 149,215 ለ2,691 ሰው፣ 55 ገደማ። ትንሹ መርከብ ሰፊ ሆነ ማለት ነው!

በዚህ ግኝት ተኩራርተን እማዬ ጋ ደወልን። ገንዳውንም ቶኑንም ከቁም ነገር አልቆጠረችው።

«መቀመጫዬ የቱ ጋ ነው?»

«መቀመጫ ሳይሆን መኝታ ክፍል ነው፣ እማዬ።»

«ይሁና! የቱ ጋ?»

ከደሴ መካነ ሰላም በአውቶቡስ የተመላለሰ ያውቃታል። የኋላ ወንበር የደረሰው አቀስታ ሳይደርስ አንጀቱ ይገለበጣል። እማዬ መሐል ካላገኘች ትኬት አትቆርጥም። ብናነብ መርከብም ያው ነው፤ ማዕበል ሲመጣ ጫፍና ጫፉ ይንጣል፣ መሐሉና የታችኛው ፎቅ ረጋ ይላል።

ቀጠለች። «ጉልበቴስ?» ለካ መርከቡ በረዘመ ቁጥር ከክፍል እስከ ምግብ አዳራሽ ያለው መንገድም ይረዝማል። አንዳንድ ወደብ ላይ ደግሞ ትልቅ መርከብ መጠጋት ስለማይችል ሰው በትንሽ ጀልባ ነው የሚወርደው። «ረቡዕና ዓርብ ምን እበላለሁ?» ይሄንንም አልጠየቅንም።

የመጨረሻው ጥያቄዋ ግን አስደነገጠን። «ስመለስ ያስገቡኛል?»

የመረጥነው ጉዞ ከሐምቡርግ ተነስቶ እንግሊዝ፣ ሳውዝሃምፕተን፣ ደርሶ የሚመለስ ነበር። እንግሊዝ የሸንገን አባል አይደለችም፤ የራሷን ቪዛ ትፈልጋለች። የእማዬ ሸንገን ቪዛ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ ከወጣች መመለሻ የላትም። ልንከፍል የቀረን አንድ ቀን ነበር። ቅናሹ ገንዘብ አይመልስም። እህታችን ያንን ብር ያጠራቀመችው ሁለት ዓመት ሙሉ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ነው። ሦስት የተማሩ ወንድሞች ስለ ገንዳ ስንጨቃጨቅ፣ ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት አዳነችን።

እንደገና ጀመርን። አሁን የያዝነው ከሐምቡርግ ኖርዌይ ደርሶ የሚመለስ ነው፤ ኖርዌይ ሸንገን ውስጥ ናት። ክፍሉ መሐል ላይ፣ ከሊፍቱ አጠገብ፣ መስኮት ያለው። የጾም ምግቡንም አስቀድመን ጠይቀናል። ገንዳው ስንት እንደሆነ እስካሁን አላየንም።

እማዬም እሺ ብላለች፤ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቃ።

«መስኮቱን ከፍተው ብርድ እንዳያስመቱኝ!»